“ሞተሩ ጦፈ” ማለት ስንት ዲግሪ ነው? በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሳይክልና የድሬዳዋ ሙቀት

ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ የደንገጎን ዳገት ሲጨርስ ዳር ይዘው የቆሙ ሞተር ሳይክሎች ያጋጥሙታል። ባለቤቱ ወርዶ በእጁ የሃይላንድ ውሃ ይዟል። አንዳንዱ ውሃውን ራሱ ይጠጣዋል። አንዳንዱ ግን ሞተሩ ላይ ያፈሰዋል። ብረቱ ቸስ ይላል፣ እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል፣ ሰውየውም ንብረቱን ከጉዳት እንዳተረፈ ተማምኖ መንገዱን ይቀጥላል።

ያ ውሃ ሞተሩን አላተረፈውም፤ ሊጎዳው ግን ይችላል። ስለ ሞተር ሙቀት በጋራዡም በመንገዱም ከምንሰማው ብዙው ራዲያተር ካለው መኪና የተወረሰ ልማድ ነው። በድሬዳዋና በሐረር ጎዳናዎች የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ራዲያተር የላቸውም። ቦክሰሩም፣ ኤች ኤል ኤክሱም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ያረጁት ያማሃ ኤጂና ሱዙኪ ቲኤፍም በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው። የድሬዳዋ የቀትር ሙቀት በአማካይ ወደ 35 ዲግሪ በሚጠጋባቸው በግንቦትና በሰኔ እነዚህ ማሽኖች ምን እንደሚደርስባቸው መረዳት ለባለቤቱ ኪስም ለጤናውም ይጠቅማል፤ ቁልቁለት ላይ በድንገት የያዘ፣ ማለትም ፒስተኑ ተጣብቆ መዞር ያቆመ ሞተር ሰው ይጥላልና።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። በአነጋገራችን “ሞተር” ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ የምንቀመጥበትንም፣ ውስጡ የሚነደውንም። እዚህ የምንቀመጥበትን “ሞተር ሳይክል”፣ የሚነደውን “ሞተር” እለዋለሁ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ሲቀጣጠል የሚፈጠረው ጋዝ ለቅጽበት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። ፒስተኑና ቴስታታው፣ ማለትም ካንዴላው የሚታሰርበት የሲሊንደሩ ክዳን፣ የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ታዲያ ለምን አይቀልጥም? እሳቱ የሚቆየው ከሰከንድ ጥቂት ሽራፊ ብቻ ስለሆነ፣ ቀጥሎም ቀዝቃዛ አየርና ቤንዚን ስለሚገባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብረቱ የተቀበለውን ሙቀት ሳያቋርጥ ወደ ውጭ ስለሚያስተላልፍ ነው።

ሂሳቡን በብር እናስበው። የ100 ብር ቤንዚን ቢቃጠል ጎማውን የሚያዞር ሥራ የሚወጣው ከ25 እስከ 30 ብሩ ያህል ነው። የቀረው በጭስ ማውጫውና በሞተሩ አካል በኩል ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ይህ የሁሉም የቤንዚን ሞተር ተፈጥሮ ነው፤ አዲሱም ያው፣ አሮጌውም ያው።

የሞተሩ ሙቀት የት ላይ እንደሚረጋ ለማየት በየጣሪያችን ያለውን ሮቶ ማሰብ ይበቃል። ከላይ ቧንቧው ያስገባል፣ ከታች ትንሽ ቀዳዳ ያስወጣል። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይጨምርና በቀዳዳው የሚወጣው ይበዛል። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆን የውሃው ከፍታ ባለበት ይቆማል። በሞተርም እንዲሁ ነው። የሚገባው በእሳቱ የሚፈጠረው ሙቀት ነው፤ የሚወጣው አየሩና ዘይቱ የሚወስዱት፤ ከፍታው ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር። ዳገትና ጭነት የላይኛውን ቧንቧ ይከፍታሉ። ጭቃ፣ መቆምና ሞቃት አየር የታችኛውን ቀዳዳ ያጠባሉ። ደንገጎ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ላይ ይመጣሉ።

ውሃ ከሌለው በምን ይቀዘቅዛል?

ሲሊንደሩንና ቴስታታውን የከበቡት ስስ የብረት ክንፎች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ትልልቅ ሰዎች ትኩስ ሻይ በሰሃኑ ላይ ገልበጥ አድርገው ሲጠጡ አይተው ይሆናል፤ ሻዩ ተዘርግቶ ብዙ አየር ስለሚነካው ቶሎ ይበርዳል። ክንፎቹም ያንን ነው የሚሠሩት። ትንሹን ሲሊንደር ዘርግተው ብዙ አየር እንዲነካው ያደርጋሉ።

ግን ሰሃኑ ላይ ያለውን ሻይ “ኡፍ” የሚለው ሰው ያስፈልጋል። ለሞተር ሳይክል “ኡፍ” የሚለው የራሱ ጉዞ ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ ነፋሱ በክንፎቹ መካከል ይጎርፋል። ቀፊራ ገበያ አጠገብ በሰውና በጋሪ መካከል እየተንፏቀቀ ሲሄድ ነፋሱ የለም፤ እሳቱ ግን አለ። ለዚህ ነው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከፈጣን ጉዞ ይልቅ ዝግታና መቆም የሚከብደው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአየሩ የራሱ ሙቀት ነው። ሙቀት ከብረቱ ወደ አየሩ የሚፈሰው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ልክ ነው። ክንፉ 150 ዲግሪ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 130 ነው። አየሩ 38 ሲሆን ልዩነቱ ወደ 112 ይወርዳል፤ ያው ነፋስ የሚወስደው ሙቀት በ14 በመቶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ሞተሩ ሚዛኑን የሚመልሰው ራሱ የበለጠ በመሞቅ ነው። ለአሽከርካሪ የሚበቃው ሻካራ ደንብ ይህ ነው፤ አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ሞተሩም በአንድ ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይረጋል። ሐረር ላይ በጠዋት 150 ያሳየ ቴርሞሜትር ድሬዳዋ ላይ በቀትር 168 ቢያሳይ ሞተሩ አልታመመም። አየሩ ነው የተለወጠው።

ዘይት እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ብዙ ሰው ዘይትን የሚያስበው ለማለስለሻ ብቻ ነው። በአየር በሚቀዘቅዝና በአራት ምት በሚሠራ ሞተር ውስጥ ግን ዘይት ሁለተኛው ማቀዝቀዣ ነው። አየር የፒስተኑን ሆድ ሊነካ አይችልም፤ የሚደርስበት የሚረጨው ዘይት ነው። ዘይቱ ሙቀቱን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሞተሩን የታችኛውን ግድግዳ ያሞቃል፣ ግድግዳውን ደግሞ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል።

ትንሽ ሞተር ሳይክል የሚይዘው ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ 300 ሚሊ ሊትር ቢጎድል ሙቀቱን ከሚሸከመው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጎደለ ማለት ነው፤ የቀረውም ያለ ዕረፍት ስለሚዞር የበለጠ ይሞቃል። መኪና ላይ አራት ሊትር ውስጥ የጎደለ ያን ያህል ላይታይ ይችላል። እዚህ ግን ይታያል። ደረጃውን ሲለኩ ሞተር ሳይክሉን በጎን መቆሚያው ላይ አጋድለው ሳይሆን ቀጥ አድርገው፣ ሞተሩንም አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ይሁን።

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ጣሳው ላይ 20ደብሊው-50 ወይም 10ደብሊው-30 ተብሎ የተጻፈው ስለዚሁ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለውን ውፍረት የሚያመለክት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ትኩስ ሆኖም ወፈር ይላል። የትኛውን እንደሚጠቀሙ የሚወስነው የአምራቹ ማንዋል ነው፤ ብዙ ማንዋሎች ለሞቃት አካባቢ ወፈር ያለውን ይፈቅዳሉ። ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ሞተሩን ከማርሹ የሚያለያየው ክፍል፣ በዚያው ዘይት ውስጥ የሚነከር ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ የመኪና ዘይት መጨመር ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። ጣሳው ላይ “ጃሶ ኤምኤ” (JASO MA) የሚል ምልክት መፈለግ ያለብዎት ለዚህ ነው።

ዘይት ያረጃል፤ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥነዋል። እንደ ሻካራ ስሌት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዘይቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ቀኑን ሙሉ በቀትር የሚሠራ ሞተር ሳይክል ዘይቱን ማንዋሉ ከሚለው ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ቢቀይር የወጣችው ገንዘብ አታስቆጭም። ከሬክቲፊካ፣ ማለትም ያለቀ ሞተርን ከማሳደስ ዋጋ ጋር አስተያዩአት።

ጤናማው ስንት ዲግሪ ነው?

መጀመሪያ “የቱ ጋ ሲለካ?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንድ ሞተር በአንድ ጊዜ ብዙ ሙቀት አለው፤ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ (ጭሱን ለማስወጣት የሚከፈትና የሚዘጋው በር) ከ600 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ከእሱ ጥቂት ጣት ርቆ ያለው ክንፍ 150 ሊሆን ይችላል፣ ከታች ያለው ዘይት ደግሞ 95። ቦታው ያልተነገረ ቁጥር ትርጉም የለውም።

ለባለቤት የሚጠቅሙት መለኪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቴስታታው፣ ካንዴላው ሥር ሲለካ ነው። በተለመደ ጉዞ ከ120 እስከ 180 ባለው ውስጥ ይመላለሳል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ 200 አካባቢ መድረሱም አያስደነግጥም። ከ230 አልፎ እዚያው ከቆየ ግን ጋዝ ቀንሶ ማሳረፍ ይገባል። ሁለተኛው የዘይቱ ሙቀት ነው። ከ80 እስከ 110 መልካም ነው። 130 ለአጭር ጊዜ ይቻላል። 150 ላይ ተራ የማዕድን ዘይት ቶሎ ቶሎ ይበላሻል።

ከ80 በታች መሆንም ጥሩ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጠራል፤ ጥቂቱ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ ያ ውሃ ተንኖ አይወጣም። ሐረር ጀጎል ዙሪያ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እየተነሳ የሚቆም ሞተር ሳይክል የዘይት ክዳኑ ሥር ነጣ ያለ ቅባት የሚገኝበት ከዚህ የተነሳ ነው።

እንግዲህ ከላይ ያሉት ቁጥሮች መነሻ ናቸው እንጂ ዳኛ አይደሉም። ከሁሉም የሚበልጠው የራስዎ ሞተር ሳይክል የራሱ ልማድ ነው። አንድ ዓይነት መንገድ ይምረጡ፤ ለዚህ አካባቢ ሰው ከደንገጎ ዳገት የተሻለ መፈተኛ የለም። አየሩ ስንት ዲግሪ እንደነበረ፣ ሰው ጭነው እንደነበረና ጫፍ ላይ ስንት እንዳሳየ ስልክዎ ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። ዛሬ 185 የነበረው ከሁለት ወር በኋላ በዚያው አየር፣ በዚያው ጭነት 210 ከሆነ፣ 210 “ከ230 በታች ነው” ብሎ መተኛት አይገባም። 25 ዲግሪ ከአንድ ቦታ መጥቷል፤ ከየት እንደመጣ መፈለግ ያስፈልጋል።

በእጅ ነክቶ ማወቅ አይቻልም?

አይቻልም። የሰው ቆዳ 60 ዲግሪ የደረሰ ብረት ላይ ጥቂት ሰከንድ እንኳ አይቆይም፤ 60 ዲግሪ ላይ ያለ ሞተር ደግሞ ገና እየሞቀ ያለ ነው። “ስነካው አቃጠለኝ፣ ጦፏል” የሚለው ፍርድ ጤነኛውንም በሽተኛውንም አንድ ያደርጋል።

የውሃ ጠብታ ግን በመጠኑ ይናገራል፤ ይህን ከመካኒክ ይልቅ እንጀራ ጋጋሪ ታውቀዋለች። ምጣዱ ላይ የረጨችው ጠብታ ዝም ብሎ ከተኛ ገና ነው። ቸስ ብሎ ከጠፋ ግሏል። ድቡልቡል ሆኖ እየዘለለ ከሮጠ በጣም ግሏል። የመጨረሻው የሚሆነው ብረቱ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ ነው፤ ጠብታው ከሥሩ በሚፈጠረው እንፋሎት ላይ ይንሳፈፋልና ብረቱን አይነካም። በጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ቴስታታው ላይ ጣል ማድረግ ምንም አይጎዳም። ጠብታና አንድ ጠርሙስ ግን አንድ አይደሉም፤ እዚያ እንደርሳለን።

ምን ዓይነት ቴርሞሜትር? የትስ ይገጠማል?

የሚመረጠው ቀለበት ያለው ሽቦ ነው። ቀለበቱ ካንዴላው ሥር ይገባና ካንዴላው ሲጠብቅ አብሮ ይታሰራል፤ ሽቦው እጀታው ላይ ወዳለች ትንሽ ስክሪን ይሄዳል። ሲገዙ የካንዴላዎ ውፍረት ስንት እንደሆነ ይወቁ፤ 10፣ 12 ወይም 14 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ቀለበቱ የካንዴላውን ማኅተም ሰብሮ ጋዝ እንዳያስወጣ በልኩ መጥበቅ አለበት።

ሌላው በዘይት መሙያው ክዳን ምትክ የሚታሰር፣ ጭራው ዘይቱ ውስጥ የሚገባ ሰዓት መሰል ቴርሞሜትር ነው። ባትሪ አይፈልግም። እየነዱ ለማየት አይመችም፤ ሲቆሙ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሦስተኛው ከሩቅ የሚለካው ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ለሰው አካል ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለሞተር አይሆንም፤ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚባለው ነው የሚፈለገው። ሁለተኛው ስህተት የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ መደገን ነው። የሚያብለጨልጭ ብረት የራሱን ሙቀት በሚገባ አይረጭም፣ የአካባቢውን ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ 170 የሆነው 90 መስሎ ሊታይ ይችላል። ሙቀት የሚችል፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም በአውራ ጣት ጥፍር ልክ ቴስታታው ላይ ቀብቶ ሁልጊዜ እዚያው ላይ መለካት ነገሩን ይፈታል።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። ሞተሩን እንዳጠፉ ቁጥሩ መውረድ ትቶ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ላይ ይወጣል። ነፋሱ ቆሟል፣ ዘይቱ ቆሟል፣ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን ወደ ውጭ መምጣቱን ቀጥሏል። ይህ የተለመደ ነው። ቆሞ ሳለ “ጢቅ፣ ጢቅ” የሚለው ድምፅም ብረቱ ሲበርድ ሲኮማተር የሚሰማ ነው፤ ሕመም አይደለም።

ቴርሞሜትር ከሌለኝስ?

ሞተሩ ራሱ ይናገራል፣ ጆሮ ለሰጠው። ዳገት ላይ ጋዝ ሲጨምሩ ጠጠር ጣሳ ውስጥ የሚንገጫገጭ ዓይነት ድምፅ ከተሰማ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ነው፤ ሙቀቱን በፍጥነት የሚያሳድግ ነገር ነውና ወዲያው ጋዝ ይቀንሱ። ትናንት በሦስተኛ ማርሽ የወጣውን ዳገት ዛሬ ሁለተኛ ከጠየቀ፣ ሲቆሙ ኒውትራል ማግኘት ካስቸገረ፣ የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ፣ ቁልፉን አጥፍተው ሞተሩ ጥቂት እየተንደፋደፈ ከቀጠለ፣ ከሚገባው በላይ ሞቋል። የኒውትራሉን ብዙ ሰው ከማርሽ ብልሽት ይቆጥረዋል። ዘይቱ ቀጥኖ፣ ፍሪሲዮኑም በሙቀት አብጦ በደንብ ስለማይለያይ ነው።

ካንዴላ መፍታትም የሞተሩን ታሪክ ያነብልዎታል። ጫፉ የቡና ወተት ቀለም ከሆነ ሰላም ነው። ኖራ የመሰለ ነጭ ከሆነ፣ ይባስ ብሎም ትንንሽ እብጠት ካለው፣ ውስጡ በጣም እየጋለ ነው። ጥቀርሻ የለበሰ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል።

ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ አዲስ አበባ፤ የመሬቱ ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1900፣ አዲስ አበባ ከ2300 በላይ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ከክንፎቹ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ በአንጻሩ ደጋው ስለሚቀዘቅዝ ጉዳቱ ይካካሳል።

ዋናው ጉዳይ ካርቡሬተሩ ነው። ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያዋህደው በተቆረጠለት ቀዳዳ ልክ ነው፤ አየሩ ሲወፍር ወይም ሲሳሳ ራሱን አያስተካክልም። አዲስ አበባ ላይ ለሳሳው አየር ቤንዚኑ ተቆንጥጦ የተስተካከለ ሞተር ሳይክል ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ውህድ ደግሞ ሞተሩን አብዝቶ ያግለዋል፤ ቤንዚን ሲተን ራሱ ያቀዘቅዝ ነበርና። “ገና ገዝቼው አምጥቼው ድሬ ላይ ጦፈብኝ” የሚለው ቅሬታ ከዚህ ሊመነጭ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ደጋ የመጣ ሞተር ሳይክል ቆላ ላይ ዳግመኛ ካርቡሬተሩ ይታይ። ድሬዳዋና ሐረር ብቻ ለሚመላለስ ልዩነቱ ያን ያህል ስላልሆነ ለቆላው ተስተካክሎ ቢተው ይበቃል። ሐረር ላይ በጥቂቱ ቤንዚን ቢበዛበት ጉልበት ያንሰው ይሆናል እንጂ አይግልም።

ዳገቱን እንዴት ልውጣ? ቁልቁለቱንስ?

ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ በአራተኛ ማርሽ እየተንገዳገዱ መውጣት ከሁሉም የከፋው ነው። ጋዙ ሙሉ ተከፍቷል፣ ሞተሩ ግን በዝግታ ይዞራል፤ የዘይት ፓምፑም አብሮ ይዘገያል፣ እሳቱ ፒስተኑ ላይ ረዥም ጊዜ ይቆያል። ማርሽ ይቀንሱ። ድምፁ ጮክ ቢልም ሞተሩ ቀለል ይለዋል። ሰው፣ ሻንጣና ጀሪካን ተጭኖ ከሆነ በጠዋት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መነሳት ብቻውን 10 ዲግሪ ያተርፋል። ከፊት የሚንጠለጠል ጀሪካን ወይም ከረጢት ደግሞ ክንፎቹን ነፋስ እንደሚነፍጋቸው አይርሱ።

ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ በአራት ምት የሚሠራ ሞተር ጋዙ ተዘግቶ በማርሽ መያዙ ያርፍበታል እንጂ አይጎዳውም። እንደ ኤጂ 100 እና ቲኤፍ ያሉ በሁለት ምት የሚሠሩት ግን የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ነው። ጋዙ ለረዥም ጊዜ ተዘግቶ ሞተሩ በፍጥነት ከዞረ ዘይት አያገኝም። በየጥቂቱ ጋዝ እየሰጡ፣ በፍሬን ብቻም ሳይመኩ እያረፉ መውረድ ያስፈልጋል።

ጦፎ ከቆመ ምን ላድርግ? ውሃ ለምን አይሆንም?

የፒስተኑና የሲሊንደሩ ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ከመቶ ሦስት ወይም አራት እጅ ያህል ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፣ በብዙ ሞተር ሳይክሎች የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ ግን የብረት እጅጌ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከዚያ ብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ከውጭ ሲፈስበት ሲሊንደሩ በአንድ ጎኑ በድንገት ይኮማተራል፤ ውስጥ ያለው ፒስተን ግን አልሰማም፣ አሁንም እንዳበጠ ነው። ክፍተቱ ይጠፋል። ቴስታታውም ውሃው በነካው በኩል ብቻ ሲኮማተር ሊጣመም፣ ክንፉ ሊሰነጠቅ፣ በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሊያፈስ ይችላል። አንድ ጊዜ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ሰው ልማዱን የሚያጸናውም አንድ ጊዜ ምንም ስላልታየ ነው።

ድሬ ላይ ቀድሞ የሚሰማው ምክር “አቦ፣ ትንሽ አሳርፋት!” ነው፤ ትክክልም ነው። ከተቻለ ከመቆምዎ በፊት የመጨረሻዋን አንድ ኪሎ ሜትር ጋዝ ቀንሰው፣ በሜዳው ላይ በነፋስ ይምጡ። ምንም ውሃ የማይተካው ማቀዝቀዣ ያ ነው። ከቆሙ በኋላ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጡ በዝቅተኛው ዙር፣ እያስነሱ ለአሥር ደቂቃ መተው አያቀዘቅዝም፤ ነፋስ የለማ። ግማሽ ደቂቃ ዘይቱ እንዲዞር ትተው ያጥፉት፣ ጥላ ውስጥ ያስገቡት፣ አንድ ሻይ ይጠጡ። ሲቀዘቅዝ ዘይቱን ይለኩ። ሞተሩ ከያዘ ደግሞ በግድ በእግር አይምቱት፤ ሙሉ ለሙሉ ይብረድ፣ ከዚያም በእጅ ጎማውን አዙሮ መሞከርና ወደ ጋራዥ መግፋት ነው።

ባጃጅስ?

የድሬዳዋ ሰው ያለ ባጃጅ ጉዳዩን አይጨርስም። የባጃጅ ሞተር ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ስለተደበቀ የጉዞ ነፋስ አይደርሰውም። ስለዚህ ብዙዎቹ የራሳቸው ቬንትላተር አላቸው፤ ነፋሱን በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ እየገፋ በክንፎቹ መካከል ያሳልፈዋል። የድሮዋ ቮልስዋገንም እንዲሁ ነበረች። ለባጃጅ በሚኒሞ አንድ ደቂቃ ማቆየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ነፋስ አለው።

ጠላቱ ፌስታል ነው። መንገድ ላይ የተሰበሰበ ፌስታል፣ ጭድና አቧራ ቬንትላተሩ አየር የሚስብበትን በር ሲደፍነው ከውጭ ምንም አይታይም። ሌላው ስህተት “አየር ያግኝ” ተብሎ ሽፋኑ ተነቅሎ መጣሉ ነው። ሽፋኑ ሲነሳ ነፋሱ በክንፎቹ መካከል ማለፉን ትቶ ወደ ጎን ይበተናል፤ ሞተሩም ይብስ ይግላል። የተነቀለ ሽፋን ይመለስ።

ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ቢመጣስ?

ከርካሹ ይጀምሩ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው አሸዋማ አቧራ ከሚያፈስ ዘይት ጋር ሲቀላቀል ክንፎቹ መካከል እንደ ጭቃ ልስን ይጋገራል፤ ሞተሩን በግንቦት ብርድ ልብስ እንደማልበስ ነው። ሞተሩ በበረደ ጊዜ በብሩሽ ይታጠብ። ክንፉን ለማሳመር ወፍራም የብር ቀለም መቀባትም እንደዚሁ ያፍነዋል። ቀጥሎ ፍሬኑ እየያዘ፣ ሰንሰለቱ ተወጥሮ ወይም ጎማው ንፋስ ጎድሎት እንደሆነ ይታይ፤ ሞተሩ ሳያውቁት ተጨማሪ ጭነት እየጎተተ ሊሆን ይችላል። በመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሸጠ ቤንዚን ቀድተው ከሆነም ያስታውሱ። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ያ የጠጠር ድምፅ የሚመጣውም ከዚያ ሊሆን ይችላል።

የቫልቮላው ክፍተት ቀጣዩ ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቮላ የሚበርደው ሲዘጋ መቀመጫውን ነክቶ ሙቀቱን ሲያስረክብ ነው። ክፍተቱ ጠቦ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ካቃተው አይበርድም፣ ይቃጠላል። “ቫልቮላው አይጮህም፣ ጸጥ ብሏል” ተብሎ የሚደሰትበት ሞተር አንዳንዴ ይህ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ካንዴላው ነጭ ከሆነ ከካርቡሬተሩና ከሞተሩ መካከል ያለውን ጎማ ይመልከቱ። የቆላ ሙቀት ጎማን ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፤ በስንጥቁ የማይፈለግ አየር እየገባ ቤንዚኑን ያሳንሳል። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ በሚኒሞ ያስነሱት፣ ጥቂት የሳሙና ውሃ ጎማው ላይ ብቻ ይርጩ። የሞተሩ ድምፅ በዚያች ቅጽበት ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው።